ሺህ ሽመላና አንድ ቀጠሮ

ባለፈው ሳምንት ፋርማሲ ገብቼ ነበር። ካሸሯ ልጅ የደም ግፊት መድኃኒቴን ከረጢት ውስጥ ከትታ ስታበቃ አንድ ቸኮሌት ጣል አደረገችልኝ። ስኳሬን ብታውቅ ኖሮ አታደርገውም ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቸኮሌቷን በላኋት፤ ለሐኪሜ እንዳትነግሩብኝ። የተጠቀለለችበትን ወርቃማ ብልጭልጭ ወረቀት ግን አልጣልኩትም። ሳላስበው ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ በጥፍሬ እየዳመጥኩ ነበር፤ ከጥግ ወደ ጥግ፣ ደግሞ ከጥግ ወደ ጥግ። ወረቀቱ ክሽ ክሽ ሲል ያቺ የፌርፋክስ ሱቅ፣ የዶቃው ሳህን፣ ወንድሜ ከመነጽሩ በላይ አሻግሮ ሲያየኝ፣ ሁሉም ግር ብሎ መጣብኝ። ቦታዬ ላይ ለማቆም የሚጠብቅ ሰው ክላክስ ባያደርግብኝ ኖሮ እዚያው አመሽ ነበር።

ያኔ ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሾች መንገድ ላይ፣ ከኦሎምፒክ ወደ ፒኮ ስትወርዱ፣ አንዲት ሱቅ ውስጥ የኋለኛዋ ጥግ የእኔ ነበረች። ባለሱቋ ከፊት በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሲዲ፣ የስልክ ካርድና ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ነጠላ ትሸጣለች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ በስፌት መኪናዬ የሐበሻ ቀሚስ አጠባለሁ፣ አሰፋለሁ። አጠባለሁ ስል ለወጉ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ያሰፋሁት እንጂ ያጠበብኩት ትዝ አይለኝም። ሲዲ የሚገዛ ሰው ገና አልጠፋም ነበር። አዲስ ዘፈን በወጣ ቁጥር ባለሱቋ በሩ ላይ ባቆመችው ስፒከር ታስጮኸዋለች፤ ትከሻውን ነቅነቅ እያደረገ የሚያልፍ ፈረንጅ አይጠፋም። አስር ዶላር ይዛችሁ ከገባችሁ በያይነቱን ጠግባችሁ ትወጣላችሁ፤ ዛሬ በአስር ዶላር አዋዜው ራሱ መምጣቱን እንጃ። ልጃገረዶቹ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚጣበቅ ጂንስ ለብሰው ላዩ ላይ ነጠላ ጣል ማድረግ የጀመሩበት ጊዜ ነው። ወንዶቹ ግን ሱፋቸው ገና ሰፊ ነበር፤ ሠርግ ቤት ሲገቡ ትከሻቸው ቀድሟቸው ይገባል። ወደ ዊልሸር በኩል፣ ሚራክል ማይል ላይ፣ ለምድር ባቡሩ መንገዱን መቆፈር ስለጀመሩ የክሬኑ ረጅም አንገት ከእኛ መንገድ ሆኖ ይታያል። ይህን ክሬን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ወንድሜ ታደሰ ይባላል፤ ታላቄ ስለሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው። ያኔ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳ ነበር። ሚስቱ ስታርፍ ሴት ልጁ ሊዲያ ገና ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ፀጉሯን ራሱ እየጎነጎነ (አንዱ ወገን ሁልጊዜ ከሌላው ይወፍራል)፣ ምሳዋን ራሱ እየቋጠረ፣ ኖርዝ ሆሊውድ ባለች ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ አሳደጋት። መኝታ ቤቱ የእሷ፣ ሶፋው የእሱ። እዚህ አገር ከመጣ በኋላ ጌታን ተቀብሎ ጴንጤ ሆኗል፤ እኔ ኦርቶዶክስ እንደሆንኩ ቀረሁ፤ በዚህ ስንነጃጀስ ኖረናል። ነገር ሁሉ በሥርዓቱ ካልሄደ የሚያመው ሰው ነው። የተሳፋሪው ሻንጣ እጀታው ሁሉ ወደ አንድ በኩል ካልዞረ ቫኑን አያስነሳም።

ሊዲያ ነርስ ሆነች። ሆስፒታሉ ውስጥ ኬን የሚባል፣ ራጅ የሚያነሳ፣ የጋርዴና ልጅ ተዋወቀች። ጃፓን አሜሪካዊ ነው፤ ወላጆቹ በልጅነቱ ሞተውበት አያቱ ናቸው ያሳደጉት። ጋሼ ልጁን አልጠላውም። "ጨዋ ነው፣ ሲበላ አያወራም" ይል ነበር፤ ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ልንጋባ ነው ሲሉት ግን አንድ ነገር ይዞ ችክ አለ። ሽማግሌ ይላኩ።

"ዳዲ፣ እነሱ እኮ ሽማግሌ የሚባል ነገር የላቸውም" አለችው ሊዲያ።

"ጎረቤት የላቸውም? የሚያከብሩት ሰው የላቸውም? ይላኩ።"

"ሶ፣ እኔ እሺ ብያለሁ እኮ። እኔን ፕሮፖዝ አድርጓል።"

"አንቺንማ ጠየቀ። እኔን ማን ጠየቀኝ?"

ካልተጠየቀ ሠርጉ ላይ እንደ ማንም እንግዳ መጥቶ ይበላል እንጂ እጇን ይዞ እንደማያስረክብ ነገራት። ሊዲያ ቤቴ መጥታ አለቀሰች። እኔ ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ካለ አለ ነው። እናት የሌላት ልጅ ያለ አባት እጅ ሠርግ ቤት ስትገባ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ስንት ቀሚስ አበላሸሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ጋሼ ስልክ ደወለልኝ፤ ድምፁ ሌላ ሰው ሆኗል። "ስንዱ፣ ሊልኩ ነው" አለኝ።

"ማን? ምን?"

"ሽማግሌ ነዋ። አሁን ሊዲያ ከፍሪዌይ ላይ ደወለችልኝ። እሁድ የኬን አያት ሽማግሌ ይዛ ትመጣለች አለችኝ። ስንት ናቸው ስላት፣ በጣም ብዙ ናቸው፣ ዳዲ፣ ታያለህ አለችኝ።"

በጣም ብዙ ስለተባለ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ታጣፊ ወንበር ተውሶ መጣ። ሶፋውን አጠበ። የልጅቷ አባት ብቻውን መቀበሉ ነውር ስለሆነ ጋሼ መኮንን የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናቸውን አዛውንት ከጎኑ አስቀመጠ፤ እኔንም ጠራኝ። ቫኑን እየነዳ ሳምንቱን ሙሉ የሚመልሰውን መልስ ሲለማመድ ሰነበተ። በእኛ ወግ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም፣ የልጅቷ አባትም በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ "ሰምተናል፣ ተማክረን መልስ እንሰጣለን፣ በዛሬ አሥራ አምስት ቀን ተመለሱ" ነው የሚባለው። ይህችን በእንግሊዝኛ አሳምሮ አጠናት።

እሁድ በሩ ተንኳኳ። ሊዲያ ገባች፣ ኬን አራት የጫማ ካርቶን ደራርቦ ታቅፎ ገባ፣ ከኋላቸው አጭር፣ ሽበታቸው በወጉ የተቆረጠ፣ ግራጫ ኮት የለበሱ አሮጊት ገቡ። ዮሺኮ ይባላሉ። ጋሼ በእሳቸው ትከሻ ላይ አሻግሮ ኮሪደሩን አየ። ማንም የለም።

"ሌሎቹ ፓርኪንግ እየፈለጉ ነው?" አለ።

"የትኞቹ ሌሎች?" አለች ሊዲያ።

"ሽማግሌዎቹ ነዋ።"

"ኖ፣ ዳዲ፣ እዚህ ናቸው" ብላ የአንዱን ካርቶን ክዳን ከፈተች።

ካርቶኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ከወርቃማ ወረቀት በታጠፉ ወፎች ተሞልቷል። ሾል ያለ አንገት፣ ሾል ያለ ጭራ፣ ተጣጥፎ የተኛ ክንፍ፤ የመስኮቱ ብርሃን ሲያርፍባቸው ጣሪያው ላይ ቢጫ ቢጫ ነገር ተርመሰመሰ። ሊዲያ አባቷን ደስ ላሰኘው ብላ የወፉን ስም በአማርኛ ስልኳ ላይ ፈልጋ፣ ሽመላ የሚል አግኝታ፣ ስትለማመደው ሰንብታለች። ሽመላ ይዛ ትመጣለች ነበር ያለችው። እሷ የቃል መጨረሻ እየዋጠች ስታወራ፣ በዚያ ላይ የፍሪዌዩ ጩኸት ሲጨመርበት፣ ጋሼ ደግሞ ጆሮው መስማት የፈለገውን ሰማ። ለሽመላ ነው ወንበር የተዋሰው።

ጋሼ መኮንን አንዷን ወፍ በሁለት ጣታቸው አንስተው "ይህ ነገር ከአምልኮ ጋር የተያያዘ ይሆን?" ብለው በጆሮው ጠየቁት። እኔ ሳቄ መጣ፣ የወንድሜን ፊት ሳይ ግን ተመለሰ። በሰው ፊት ነው ያፈረው። ሱፉን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ለወረቀት ወፍ።

ዮሺኮ ግን ካርቶኑ አጠገብ ቆመዋል። ኬን "ተቀመጪ" ሲላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። በእሳቸው ቤት እንግዳ የቤቱ ባለቤት ሳይጋብዘው አይቀመጥም ኖሯል። ቆመው፣ እጃቸውን ከፊት አጣጥፈው፣ ጎንበስ ብለው ተናገሩ። በእነሱ ዘንድ ሠርግ ሲኖር ሺህ አንድ ሽመላ ይታጠፋል፤ ሽመላ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ከአንዱ ጋር ከተጣመደም ሌላ አይፈልግም። ሺውን እሳቸው አጥፈው ጨርሰዋል፤ አሁን ግን ዓይናቸው መርፌ አያይላቸውም፣ ክር ላይ የሚሰካላቸው ሰው ያስፈልጋል። የመጨረሻዋን አንዲት ደግሞ የልጅቷ ቤተሰብ ቢያጥፋት ደስ ይላቸዋል።

ጋሼ ክራቫቱን አስተካከለ። አፉ ላይ የነበረችው ያቺ ያጠናት ብቻ ነች። "ሰምተናል፣ ተማክረን መልስ እንሰጣለን፣ በዛሬ አሥራ አምስት ቀን ተመለሱ" አለ በእንግሊዝኛ።

ዮሺኮ ፊታቸው በራ። "በአሥራ አምስት ቀን ትጨርሱታላችሁ? በጣም ፈጣን ናችሁ" አሉና እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት።

ካርቶኖቹ የት ይሂዱ? ልብስ ሰፊ እያለች ሌላ ማን ይሰካል? ማግስቱን አራቱም የእኔ ጥግ ላይ ነበሩ። ጎረቤታችን ፀጉር ቤት የምትሠራው ሰናይት ብቅ ብላ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ሊዲያ የወፉን የእንግሊዝኛ ስም እንዳስተማረችኝ "ክሬን ነው፣ ሺህ ክሬን ክር ላይ ልሰካ ነው" አልኳት። በመስኮቱ ወደ ዊልሸር አየች፣ የባቡሩን መሥሪያ ክሬን አንገት አየች፣ ተመልሳ እኔን አየች። "እትዬ ስንዱ፣ መድኃኒትሽን ወስደሻል?" አለችኝ።

ሥራው ቀላል ይመስላል እንጂ ሰው ያናድዳል። ወፏ ሆዷ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አላት፤ መርፌው በእሷ ገብቶ በጀርባዋ ጫፍ በልኩ መውጣት አለበት። ትንሽ ከሳተ ወፏ አንገቷን ደፍታ ትንጠለጠላለች፣ ከላይዋ የምትቀመጠውም እሷን አይታ ትንጋደዳለች፣ እንዲህ እያለ ክሩ ሙሉ እንደ ሰካራም ይሆናል። በየክሩ አርባ አርባ ነው፤ ከሥር እንዳያመልጡ ዶቃ ይታሰርበታል። ክሩ ሲያስቸግረኝ ቤቴ ያለውን ጧፍ አምጥቼ በሰሙ አሸሁት፣ ጸጥ ብሎ ገባልኝ። ሰናይት ደንበኛዋ ፀጉር ማድረቂያ ሥር ስትቀመጥላት ብቅ እያለች አንድ ሁለት ትሰካልኛለች፤ ስፌት የምታስለካ ሴት ስትመጣ እሷንም መርፌ አስይዛታለሁ።

ጋሼ ሦስት ቀን ጠፋ። በአራተኛው ከሥራ በኋላ "ትራፊኩ እስኪቀል" ብሎ መጥቶ ከጥጉ ተቀመጠ። ጋዜጣ ዘረጋ። ከጋዜጣው በላይ የምሰካውን እንደሚያይ አውቃለሁ፤ አንዷን ሆን ብዬ አጣምሜ ሰካኋት። ገጽ ገለበጠ። ሁለተኛዋንም አጣመምኩ።

"ስንዱ፣ እሷ ዞራለች።"

"የቷ?"

"ስጪኝ እስቲ" ብሎ ክሩን ከእጄ ነጠቀኝ።

"በጧፍ የታሸ ክር ነው፣ እንዳይረክስብህ" አልኩት።

"ሰም ሰም ነው" አለ፣ መነጽሩን ዝቅ እያደረገ።

ከዚያ በኋላ ትራፊኩ አልቀለለትም። በየቀኑ መጣ። የእሱ ክር እንደ ቱቦ ቀጥ ያለ ነበር፤ አንገት ሁሉ ወደ አንድ በኩል፣ እንደ ሻንጣዎቹ። አንድ ከሰዓት እየሰካ ሳለ፣ እኔን ሳያይ፣ "የሊዲያ እናት አባት ሦስቴ ነው የመለሱኝ" አለኝ። "ሦስቴ ሽማግሌ ልኬ ሦስቴ ቀጠሩብኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር። በኋላ ሲገባኝ፣ ልጄ ዝም ብላ የምትነሳ ዕቃ አይደለችም ማለታቸው ነው። እኔ ለሊዲያ ይህን ካላደረግሁላት ማን ያደርግላታል? እናቷ ብትኖር ምን ትለኛለች?" መርፌው ጣቱን ወጋው፤ ጣቱን አፉ ውስጥ አደረገ። እኔም ስፌቴን አየሁ። ግትርነት ብዬ የተናደድኩበት ነገር ለካ የሚስቱ ወንበር ነው፤ ባዶ እንዲቀር አልፈለገም።

ክሩ ሲያልቅ ከላይ እንዴት አንድ ላይ እንደሚታሰር ስላላወቅን ጋርዴና መሄድ ግድ ሆነ። እኔ ፍሪዌይ ስለምፈራ ጋሼ ወሰደኝ፤ "አደርስሻለሁ እንጂ አልገባም" እያለ። የዮሺኮ ቤት ሣሩ በመቀስ የተስተካከለ የሚመስል ትንሽ ቤት ናት። በሩ ላይ ጫማ ይወለቃል። ጋሼ እንደዚያ በረድፍ የተሰደረ ጫማ ሲያይ የመግባት ፍላጎት አደረበትና የራሱንም አውልቆ ጫፍ ለጫፍ አስተካክሎ አስቀመጠ። የእኔ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ ነበረው፤ እሱን ደብቄ ስቀመጥ ወሬ አምልጦኝ ይሆናል ብዬ እስካሁን እፈራለሁ። ዋናውን ግን ሰምቻለሁ።

ዮሺኮ ክሮቹን አንድ በአንድ እያነሱ አዩ። የጋሼን ሲያነሱ ቆም አሉ። "ይህን የሠራው ማን ነው?" አሉ። አመለከትኩ። ጎንበስ አሉለት። ከዚያ እጃቸውን ክሩ ላይ እንዳሳረፉ እንዲህ አሉ፦ "ኬን ስለ ሊዲያ የነገረኝ ቀን ነው ማጠፍ የጀመርኩት። አባቷ ብቻውን ያሳደጋት፣ ጥብቅ፣ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው አለኝ። እኔም ብቻዬን ነው ኬንን ያሳደግኩት። እንዲህ ዓይነት ሰው ልጁን ለእኛ እንዴት ይሰጣል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አንዷን አጥፌ በጨረስኩ ቁጥር ፕሊዝ እላለሁ።"

ጋሼ ቀና አለ። የጋሼ መኮንን ጥያቄ በጭንቅላቱ ሳይመጣ አልቀረም። "ማንን ነው ፕሊዝ የሚሉት?" አላቸው።

"አንተን" አሉት። "ስምህን ገና አላውቅም ነበር። የሊዲያ አባት፣ ፕሊዝ እል ነበር። ሌላ ማንን እለምናለሁ? ልጅቷ የአንተ ናት።"

ወንድሜን ስድሳ ዓመት አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም። መነጽሩን አወለቀ፣ በክራቫቱ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። እኔ ቀዳዳ ካልሲዬን ረስቼ አለቀስኩ። በመጨረሻ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገና "እማማ፣ ያቺን የቀረችዋን እንዴት እንደምትታጠፍ ያሳዩኝ" አላቸው።

ማጠፍ ግን እንደ መሰካት አልሆነለትም። ጣቱ ወፍራም ነው። ከዚያ በኋላ ቫኑ ውስጥ፣ መንገደኛ ሲጠብቅ፣ የፓርኪንግ ደረሰኝ፣ የሳንድዊች መጠቅለያ፣ ያገኘውን ሁሉ ሲያጥፍ ሰነበተ፤ ከተሳፋሪዎቹ አንዷ በጉርሻ ፈንታ ማስቲካዋን ከነወርቃማ ወረቀቱ ሰጠችው አሉ።

ቀጠሮው ደረሰ። ታጣፊዎቹ ወንበሮች አልተመለሱም ነበር፣ እንደገና ተዘረጉ። ጋሼ መኮንን መጡ፤ በዚህኛው ቀን ስለ አምልኮ ምንም አላሉም፣ እንዲያውም ግድግዳው ላይ የት እንደሚሰቀል ሐሳብ ይሰጣሉ። ዮሺኮ ያንኑ ግራጫ ኮት ለብሰው ገቡ፣ እንደዚያኛው ቀን በሩ አጠገብ ቆሙ። ኬንም አብሯቸው ቆመ። ሊዲያ የእኔን እጅ ጨብጣ ነበር፤ ጥፍሯ ገብቶብኛል። ጋሼ ብድግ አለ። የተለማመደው ረጅም ንግግር እንደነበር አውቃለሁ፣ ግማሹን በስልክ አሰምቶኛል። አንዱንም አልተናገረም። ከኮቱ የውስጥ ኪስ አንዲት ወርቃማ ወፍ አውጥቶ በሁለት እጁ ለዮሺኮ ሰጠ።

"ይቀመጡ፣ እማማ" አላቸው። "መልሳችን ይህች ናት።"

ወፏ አንገቷ ወደ ጎን የተጣመመ፣ አንዱ ክንፏ ከሌላው የወፈረ፣ ልክ እንደ ሊዲያ የልጅነት ሹሩባ ነበረች። ዮሺኮ ወደ ብርሃን አድርገው አገላበጧት። "አንገቷ ተሰብሯል" አሉ፣ ሳቃቸውን ይዘው።

"ዕድሜዋ ገፍቶ ነው። ሽማግሌ ናት" አለ ጋሼ። ሊዲያ እየሳቀች እያለቀሰች ስትተረጉምላቸው አሮጊቷ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ።

የሠርጉ ቀን ሊዲያን እጇን ይዞ አስረከባት። የለበሰው ያንኑ ሱፍ ነው፤ እኔ ትከሻውን አጥብቤለት ነበር፤ አይ፣ ለካ አንድ ያጠበብኩት አለ።

ያቺ ሱቅ ዛሬ የለችም፤ በቦታዋ ቀዝቃዛ ቡና በላስቲክ ብርጭቆ ይሸጣል። የባቡሩ መንገድ ተቆፍሮ ተቆፍሮ አልቆ ክሬኑም ከሰማዩ ላይ ጠፋ። ዮሺኮ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ታቅፈው፣ ስመው ነው ያረፉት። ልጅቷ ሃና ትባላለች፤ ስሙን እነሱም በጃፓንኛ አበባ ማለት ነውና የእኛ ነው ይላሉ፣ እኛም የእኛ ነው እንላለን፣ ተከራክረን አልጨረስንም። ጋሼ ጡረታ ወጥቶ ጋርዴና ከእነሱ ጋር ይኖራል፤ የበሩን ጫማ የሚያስተካክለው እሱ ነው። ሽመላዎቹ በመስታወት ተገጥመው ሳሎን ተሰቅለዋል፣ አንገቷ የተጣመመችው ከሁሉም በላይ።

የቸኮሌቷን ወረቀት እሁድ ለሃና ወሰድኩላት። እዚያ ሳለሁ ጎረቤት መጣ፣ እንደ ሁሉም እንግዳ ግድግዳው ፊት ቆመና ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሐበሻ ስለሆነ ጋሼ በአማርኛ መለሰለት።

"የልጄ ሽማግሌዎች ናቸው" አለው።

ሃና ከምንጣፉ ላይ ቀና ብላ "አባባ፣ ሽማግሌ አይደለም፣ ሽመላ ነው" አለችው።

"እሱን ነው ያልኩት" አላት።